ወንዝ ዳር ጎጆ ለሁለት ሌሊት፦ መጀመሪያ ወንዙን እዩ

ጎጆ የሚያከራይ ሰው መጀመሪያ የሚልከው ፎቶ ነው፤ አልጋው፣ በረንዳው፣ በረንዳው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል። ወንዙ ከኋላ በብዥታ ይታያል። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አለበት። አልጋ ቢጠብ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ መብራት ቢጠፋ ባትሪ ይበራል። ወንዙ ቆሻሻ ወይም የማይታመን ከሆነ ግን ምትክ የለውም። ከዚህ በታች ያለው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በተለይም ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታና በጫንጮ በኩል፣ አራት አዋቂና ሁለት ልጅ ሆኖ ከዓርብ እስከ እሁድ ለማደር የሚጠቅም ነው። የሰው ብዛቱ ሲለያይ መጠኑን እናንተ አስተካክሉት።

እንጦጦ የዝናቡን ውሃ ለሁለት ይከፍላል። በደቡብ ፊቱ የሚወርደው ከተማውን አቋርጦ ወደ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አፋር ይወርድና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን ፊቱ የሚወርደው በሲቢሉ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል። ለጎጆ ፈላጊ ይህ ማለት ከከተማው በታች ያለ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው። በአቃቂ በኩል ከከተማው በታች ያለ ውሃ ሽታው ባይሰማ እንኳ ልጅ እግሩን የሚነክርበት አይደለም። ከእንጦጦ በስተሰሜን ያሉት ጅረቶች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ፍሳሽ ወደዚያ አይወርድምና። በሆለታና በሰበታ በኩል ጎጆ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ከእናንተ በላይ የአበባ እርሻ ወይም ፋብሪካ አለ?» መልሱ አዎ ከሆነ ወንዙን ለማየት ብቻ ያዙት።

የቦታው ስምም ይናገራል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነው፤ ለገጣፎና ለገዳዲ ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው (ለገሃር ግን እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ እሱ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ የመጣ ነው)። «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ነው። የጎጆው ቦታ ስሙ በመልካ የሚጀምር ከሆነ ጠዋትና ማታ ከብትና ሰው እዚያው ይሻገራል ማለት ነው፤ ለልጆች ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ዝምታ ለሚፈልግ አይሆንም። «ጨፌ» ካሉት ደግሞ መሬቱ ረግረግ ነው፤ መኪና ይሰምጣል፣ የሌሊቱም ብርድ ከሌላው ቦታ ይብሳል።

ቀጥሎ የከፍታው ጉዳይ ነው። የጎጆው ወለል ከወንዙ የበጋ ውሃ ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ እኛ አናድርም። ለመለካት ውሃልክ መሸከም አያስፈልግም። ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ሃይላንድ በአግድም አስተኝታችሁ ዓይናችሁ ፊት ያዙት፤ የውሃው መስመር ውሃልክ ሆነ ማለት ነው። ወንዙ ጠርዝ ላይ ቁሙና በመስመሩ አንፃር ወደ ጎጆው ተመልከቱ፤ እይታችሁ መሬት የነካበት ቦታ ከውሃው በዓይናችሁ ቁመት ልክ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ60 ገደማ፣ ከፍ ይላል። እዚያ ሂዱና ድገሙት። ሁለት ጊዜ ለክታችሁም ጎጆው ገና ከእናንተ በላይ ከሆነ ይበቃል።

ዛፎቹንም እዩ። ወንዝ ዳር ባሉ ቅርንጫፎች ላይ የተሰቀለ ጭድ፣ ፌስታል፣ የደረቀ ቆሻሻ ክረምቱ የተወው ምልክት ነው፤ ውሃው እስከዚያ ደርሷል። ባለቤቱን «ጎርፍ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ የለም ይላል። «ባለፈው ነሐሴ ውሃው የትኛውን ዛፍ ነካ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለም ባለቤቱን ትታችሁ ከብት የሚያጠጡ አዛውንት ጠይቁ። አባባ ዛፉን በዱላቸው ያሳዩዋችኋል።

መቼ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ወንዝ ዳር ማደር አይመከርም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ጥሎ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደራሹ ይመጣል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያም የበልግ ዝናብ ስላለ ሰማዩን ማየት ይፈልጋል። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ነው፦ ሜዳው አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ገና ያልረገፈ፣ ወንዙም ጭቃውን ጥሎ የጠራ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። የሱሉልታ ሜዳ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ጸጥታ ፈላጊ የማያስበው ሌላ የቀን መቁጠሪያ አለ፦ የሠርግ ወቅት። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሠርግ ይበዛባቸዋል፤ ከጎጆው ማዶ ድንኳን ከተተከለ ሞንታርቦው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ላይቆም ይችላል። በዐቢይ ጾም ግን ሠርግ የለም። ለዝምታ ሲባል ሁዳዴን የሚያህል ጊዜ የለም፤ የጾም ምግብ ደግሞ ለመንገድም ይመቻል፣ ቶሎ አይበላሽም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግቢው ራሱ ለልደትና ለድግስ ይከራይ እንደሆነ፣ በዚያ ቅዳሜ ሌላ እንግዳ ይኖር እንደሆነ፣ ጀነሬተር ካለ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቁ። ጎጆው ከአስፋልቱ ቢያንስ 1 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ይሻላል፤ የጫንጮ መንገድ የሲሚንቶ መኪና የሚመላለስበት ነው፣ ዳገት ላይ የሚያሰሙት ድምፅም ሌሊት ሩቅ ይሄዳል።

መንገዱ

ያለ መኪና የሚሄድ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ ይይዛል፣ ከዚያ ባጃጅ። ጓዝና ልጅ ላለው ግን አንድ ፒካፕ ወይም ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ መሄድ ይቀላል። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው በስልክ ጠይቁ፤ መታወቂያ ሁሉም አዋቂ ይያዝ፤ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ድረሱ። ሲመሽ መድረስ ማለት ወንዙን ሳያዩ ማደር ነው።

ፈተናው ከአስፋልት ከወረዱ በኋላ ያለው ነው። አብዛኛው ሜዳ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ የአንድ ሰዓት ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ይጠቀለላል። ቪትዝ በበጋ ቀስ እያለ ይገባል፤ ከዝናብ በኋላ ግን አይሞከርም። ጎማ ሲሽከረከር ነዳጅ መርገጥ ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። ቁሙ፤ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ጆንያ አስገቡ፤ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የጎማውን አየር መቀነስም ይረዳል፣ መልሶ የሚሞላ የእጅ ፓምፕ ከያዛችሁ ብቻ። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ከትርፍ ጎማው ጋር አካፋ፣ ሁለት ባዶ ጆንያና 10 ሜትር ገመድ ይኑር። ገመዱ ለወንዙም ይፈለጋል።

የሚፈስ ውሃ ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ ካጋጠመ ጥልቀቱን ሳያውቁ አይገባም። በኃይል የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪናን ያንሳፍፋል። «እያሳሳቀ እንደ ውሃ ወሰደው» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ምሽት ላይ ከሞላ ጠዋት ይጎድላል፤ መጠበቅ ነው።

ቤቱ

ሣር ክዳንና ቆርቆሮ ሁለት የተለያየ ሌሊት ናቸው። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ሙቀት ይይዛል፣ ዝናቡም ለስላሳ ድምፅ ይኖረዋል፤ አይጥና ቁንጫ ግን የእሱ ናቸው። የቆርቆሮው ንጹሕ ነው፤ ሌሊት ግን እንደ ማቀዝቀዣ ይሆናል፣ ዝናብ ሲጥልበትም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች አይሰማሙም። ኮርኒስ የተወጠረለት ቆርቆሮ ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ሕፃን ላለው ቤተሰብ እሱ ነው የሚሻለው። ሣር ክዳን ከሆነ ውስጡ ሻማ አይበራም፣ ዕጣንም አይጨስም፤ ብርሃን በባትሪ ብቻ።

እንደደረሳችሁ ጓዝ ሳታወርዱ ፍራሹን አንሡና በስልካችሁ ብርሃን ስፌቱን እዩ። ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን ነው፤ ሌላ ፍራሽ ጠይቁ። ፀሐይ ካለ ፍራሽና ብርድ ልብሱን ለሁለትና ለሦስት ሰዓት አስጡት፣ እርጥበቱም ይለቃል። አንሶላ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። በጉና ፍየሉ የሚውልበት አቧራማ ደጅ ላይ ልጅ ባዶ እግሩን አይሂድ፤ ሙጃሌ እዚያ ነው ያለው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እድፍ ካለ ዝናቡ የሚያፈስበት ነው፤ አልጋውን ከዚያ አርቁት።

ሽንት ቤቱን ተመልከቱ። ጉድጓዱ ከወንዙም ሆነ ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ የጉድጓዱን ውሃ ለመጠጥ አትንኩት። ሌሊት ወደዚያ መውጣት ለሽማግሌና ለልጅ አስቸጋሪ ስለሆነ ፖፖ ይያዝ፤ የሚያፍርበት ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብርድ በኋላ ማፈሩን ይተዋል። የሚወጣ ካለ ሁለት ሆኖ ባትሪ ይዞ ይውጣ። ጅብ በዚያ አካባቢ ብርቅ አይደለም። ሰው ፍለጋ አይመጣም፣ የሚጠራው አጥንትና ትራፊ ነው፤ የእራት ቅሪት በረንዳ ላይ አይደር።

ብርዱና ከሰሉ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ወንዝ ዳር ጎጆ ውስጥ ከወንዙ ይልቅ ሰው የሚገድለው ከሰል ነውና።

ብርዱ ሲበረታ የቡናውን ምድጃ ወደ ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው አደጋው ጭሱ ላይ ይመስለዋል፤ «ከሰሉ በደንብ ከነደደ፣ ጭሱ ካለቀ፣ አመድ ከለበሰ ምንም የለውም» ይባላል። ስህተቱ እሱ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፍም ሆኖ አመድ ከለበሰ ከሰልም ይወጣል። የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በድካም ስለሆነ ሰው የመንገዱ ድካም መስሎት ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አይነቃም። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ምድጃው ከበረንዳ አያልፍም። ቡናውም እዚያው ይፈላ። ሌሊቱን ሙቀት የሚሰጠው ልብስ ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ቡልኮ ወይም ሁለተኛ ብርድ ልብስ፤ ከሥርም አንድ ንጣፍ። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፍራሹ በታች እንደሚመጣ ብዙ ሰው ይረሳል። ለመኝታ ደረቅ ካልሲና የራስ ሹራብ ለየብቻ ይቀመጥ፤ ቀን የዋለበት ካልሲ ላብ ስላለው ያበርዳል። ለልጅና ለሽማግሌ የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት በጨርቅ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይግባ። ሃይላንድ ለዚህ አይሆንም፤ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል፣ ክዳኑም ያፈስና አልጋውን ያረጥባል።

አንድ ክፍል ውስጥ ካደሩት ከአንድ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ሊነቁ ካልቻሉ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አውጧቸው፣ ከዚያ ስልክ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ስልክ የሚሠራበትን ጉብታ የመጀመሪያው ቀን በብርሃን ፈልጋችሁ ለሁሉም አሳዩ። በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያና መኪና ያለውን ጎረቤትም ከዘበኛው ጠይቃችሁ ያዙ።

ውሃና ማዕድ

ለመጠጥና ለማብሰያ ከቤት የሚሄደው ውሃ በሰው በቀን 4 ሊትር ይታሰብ። ለስድስት ሰው ለሁለት ቀን ተኩል 60 ሊትር፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ ቀድሞ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት አይሁን። ዕቃ ማጠቢያና ገላ መታጠቢያው ከወንዙ ይቀዳል።

ውሃው አልቆ ከወንዙ መጠጣት ግድ ቢሆን መጀመሪያ በባልዲ ቀድታችሁ እስኪጠል አስቀምጡት፣ አራት ጊዜ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ከዚያ አፍሉት። ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው በትንሽ ሙቀት፣ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ፈሳሽ ካለ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የነጠላው ሥራ ጉድፍ መያዝ ብቻ አይደለም፤ አልቅትንም ያስቀራል። ልጅ ጎንበስ ብሎ ከምንጭ በአፉ ሲጠጣ ትንሽዬ አልቅት አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ልትጣበቅ ትችላለች። ከዚያ ጉዞ በኋላ ለቀናት የሚመላለስ ነስር ካለ ለሐኪሙ ከወንዝ ውሃ መጠጣቱን ንገሩት፤ አለዚያ ላያስበው ይችላል።

ያው ከፍታ ምግቡንም ይነካል። ሽምብራና ባቄላ ከሌሊት ጀምሮ ካልተዘፈዘፉ በከሰል ቀኑን ሙሉ ይቀቅሏችኋል። ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይዞ መሄድ ነው፤ ክክ ለሚወድ ደግሞ ፕሬዠር ኩከር። እንጀራ ለአዋቂ በአንድ ማዕድ አንድ ተኩል፣ ለልጅ ግማሽ ቢታሰብ ለስድስቱ ሰው 7 ይሆናል። ከዓርብ እራት እስከ እሁድ ምሳ አራት ማዕድ 28፣ ለሁለት ቁርስ ፍርፍር 6፤ አንድ ለዘበኛው ቢጨመር 35። ዓርብ ጠዋት የተጋገረ እንጀራ ሙቀቱ ሳይወጣ ፌስታል ውስጥ ከገባ በእሁድ ይሻግታል፤ በርዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቅርጫት ይሂድ። ሽሮ ግማሽ ኪሎ ለሁለት ማዕድ፣ ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ጥሬ ቡና ግማሽ ኪሎ፣ ከሰል 6 ኪሎ ያህል። ከሰሉን ከቤት ያዙት፤ እዚያ «እንጨት አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከማብሰሉ ማጨሱ ይበልጣል።

የፍስክ ቀን ከሆነ ዶሮ ወጡ ሐሙስ ተሠርቶ፣ ሌሊቱን በረዶ ሆኖ አድሮ ይጓዝ፤ ዓርብ ቢጾምም ቅዳሜ ምሳ ላይ ይደርሳል፣ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ አይጫንም። ለመክሰስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። (በሱሉልታ «ድርቆሽ» ስትሉ ለከብት የሚታጨደው ሣር ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ሁለቱም በስማቸው ትክክል ናቸው።) አካባቢው የወተት አገር ነውና ጠዋት ትኩስ ወተት ይገኛል። እንደታለበ አፍልታችሁ ጠጡት፤ ሳይፈላ ከተጠጣ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ልጆችና ወንዙ

ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከበረንዳ ሆኖ ልጅ አይጠብቅም። ሁለት ልጅ ውሃ ዳር ካለ አንድ አዋቂ በስም ይመደብ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየር፤ ተራው የደረሰው ሰው ስልኩን ለሌላው ይስጥ። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

የመጫወቻውን ቦታ ልጆቹ ከመምረጣቸው በፊት እናንተ ምረጡ፦ ወንዙ ከሚታጠፍበት ውስጠኛው ጎን፣ ጠጠርና አሸዋ ያለበት። ውጫዊው ጎን ውሃው እየቦረቦረ ያጠለቀው ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው አፈርም ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ይናዳል። በረጅም ዱላ ጥልቀቱን እየወጋችሁ ሂዱ፤ ከትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ የሚሆንበት ላይ ዱላ ትከሉና ድንበር አድርጉት። አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ካልሲ ያለው እግር ደግሞ ከባዶ እግር ይሻላል። ያ 10 ሜትር ገመድ ጫፉ ላይ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ታስሮ ዳር ላይ ይቀመጥ። የወደቀ ካለ ጀሪካኑ ይወረወርለታል፤ ዋና የማይችል ሰው ተከትሎ አይግባ፣ ሁለት ይሆናሉና።

ከወንዙ ወዲያው የሚወጣበት ምልክት ሦስት ነው፦ የጠራው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከተለወጠ። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ዕቃ ለመሰብሰብ አይመለስም።

ሳማ ወንዝ ዳር ሞልቷል፤ ረጅም ሱሪ ይጠቅማል። የማያውቁት ውሻ አይነካም። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ሂዱ፤ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ፣ «ነገ ስንመለስ» አይባልም። ፀሐዩ ብርድ ስላለ የማያቃጥል ይመስላል፣ ግን ያቃጥላል፤ ለሁሉም ባርኔጣ።

ያለ ምንም ወጪ ልጆችን የሚይዝ ነገር ወፍ ነው። በሱሉልታ ሜዳ እርጥብ ቦታ ላይ ጠዋት በጸጥታ ከተቀመጡ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባትን ዝይ የማየት ዕድል አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም።

ከጎረቤት ጋር

ወንዙ የሠፈሩ ሁሉ ነው፤ እናንተ የሁለት ቀን እንግዳ ናችሁ። ሴቶች ውሃ ከሚቀዱበት በላይ ገላም ልብስም አይታጠብም፤ ሳሙና ወንዝ ውስጥ ጭራሽ አይገባም፣ በባልዲ ቀድቶ ከዳር ራቅ ብሎ ታጥቦ ሣር ላይ ማፍሰስ ነው። ጠበል ያለበት ቦታ ከሆነ የት እንደሆነ ጠይቁና ልጆቹ እዚያ አይጫወቱ። ከብት የሚጠጣበትን ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩለ ቀን ግድም፣ ለቅቃችሁ ስጡ።

ሰላምታ በኦሮምኛ ቢሆን ፊት ይፈታል፤ «አከም ጅርቱ» ሲገቡ፣ «ገለቶማ» ሲቀበሉ። ዘበኛው ከማዕዱ ይቀርብለት፣ ከትራፊው አይሁን። ለባለቤቶቹ ወላጆች አንድ ኪሎ ስኳርና ትንሽ ቡና ይዞ መሄድ ያገራችን ወግ ነው፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢያጋጥም መጀመሪያ በር የሚያንኳኩት እነሱ ጋ ነው።

እሁድ ምሳ እንዳለቀ ምድጃው ላይ ውሃ ይፈሰስበት፤ የእጃችሁን ጀርባ ስታስጠጉት ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ ከሰሉን አማስሉት። ከጥር ጀምሮ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የተደፋ ፍም ሰዓታት ቆይቶ ይነሣል። ዳይፐርና ፕላስቲኩ በጆንያ ተቋጥሮ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ እዚያ የሚሰበስበው መኪና የለም። ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ከተነሡ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ የሚወርደው የእሁድ ሰልፍ ሳይጀምር ይደረሳል።